ከአቡጀዲ የተሠራችው መኪና

የመኪና አካል በአቡጀዲ ሠርቻለሁ ስል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ! በቅርቡ ባሕር ዳር አንድ ጋራዥ ውስጥ የልጄ መኪና እስክትጠገን ቁጭ ብዬ ስጠብቅ፣ አንድ መካኒክ ለጓደኛው ስለ ካርቦን ፋይበር ያወራለታል። ከከሰል ክር የተሸመነ ጨርቅ ነው፤ በሙጫ ይነከርና ቅርጽ ላይ ይለበጣል፤ ሲደርቅ ከብረት ይጠነክራል፤ የውድድር መኪና ሁሉ በሱ ነው የሚሠራው ይላል። "በውጭ አገር ያሉ መሐንዲሶች ካልሆኑ ይኸን ማንም አይችለውም" ሲል አላስቻለኝም። "እኔም ሠርቻለሁ" አልሁት። ከላይ እስከ ታች አየኝና "ምን ሠሩ፣ እማማ?" አለኝ። "መኪና ነዋ!" ስለው ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ይኸን የምጽፈው በዚያን ቀን ንዴት ነው፣ ልዋሻችሁ አልችልም።

እኔ ጎታ ሠሪ ነኝ። የእህል ማስቀመጫውን ጎታ ማለቴ ነው። የፎገራን ጥቁር አፈር ከጭድና ከእበት ጋር አቡክቶ፣ አሰንብቶ፣ ዙር በዙር እየደረቡ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ዕቃ ማቆም ቀላል እንዳይመስላችሁ። ያ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ተንኮለኛ ነው። አንዱን ዙር አስቀምጠሽ ሳይጠነክር ሌላውን ከጫንሽበት ሁሉም ተያይዞ ይወርዳል። ሥራውን ከእናቴ ተማርሁ። እሷ ካለፈች በኋላ ከወረታ እስከ ቁሐር ሚካኤል ጎታ የፈለገ ሁሉ የሚልከው እኔ ዘንድ ነበር። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እጄን በጭቃ ተለውሶ ካዩ "ዛሬ ደግሞ የማንን ሆድ ነው የምትሠሪው?" ይሉኝ ነበር።

አንድ ታናሽ ወንድም አለኝ። በደርግ ጊዜ ወደ ሰሜን ዘምቶ የጦሩን መኪናዎች ሲጠግንና ሲነዳ ቆየ፤ ከዚያ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጥቶ ተመለሰ። ወረታ መስቀለኛው መንገድ ላይ ተቀምጦ የደብረ ታቦርና የጎንደር መኪኖች ሲያልፉ ዝም ብሎ ያያል። ድምፃቸውን ብቻ ሰምቶ "የዚህኛው ቫልቭ ተበላሽቷል" ይላል። ሰው "አይ ልጅ፣ ደህና ሹፌር ነበር እኮ!" እያለ ከንፈሩን ሲመጥለት ደሙ ይፈላል። "ነበር ይሉኛል፣ እትዬ!" ይለኝ ነበር ማታ ማታ። "ሞቻለሁ እንዴ?"

አንድ ቀን ጎንደር መንገድ ላይ ትንሽ መኪና ተገለበጠች። አካሏ ተጨፈላልቋል፤ ሞተሯ ግን ደህና ነው። ወንድሜ የራሱን ጊደር ሰጥቶ ለወጣት። ጊደሯ ደግሞ ያቺ ቀንዷ የሚያምር የፎገራ ጊደር! "ጊደር ሰጥተህ ሬሳ ታመጣለህ?" ብዬ ጮህሁበት። እሱ ምን ቸገረው! የተጨማደደውን ቆርቆሮ ቆርጦ ጣለና ሞተሯንና አጥንቷን፣ ሻንሲዋን፣ ብቻ አስቀረ። የግራ እግር ሥራ ፍሪሲዮን መርገጥ ነው፤ ስለዚህ ፍሪሲዮኗን በእጅ የሚሳብ አደረገው። ሐምሌ ሲገባ ሞተሯ ግቢያችን ውስጥ ተነሣ። በአጥንቷ ቆማ ስታጓራ ዶሮዎቼ አጥር ዘለው ጠፉ።

የቀረው አካሏ ነው። ወንድሜ የሚፈልገው እንደ ማንኛውም መኪና ያለ አካል አይደለም እኮ! አስመራ ሳለ አንድ አሮጌ ጋራዥ ውስጥ ድሮ ጣሊያኖች ይሽቀዳደሙባት የነበረች ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና አይቷል። ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ ኋላዋ ክብ። ያችን በከሰል ግድግዳዬ ላይ ሣላት። አዲስ የለቀለቅሁት ግድግዳ ላይ!

ላሜራ የሚገኘው በገበሬ ማኅበሩ በኩል ብቻ ነበር። ወንድሜ ሊቀመንበሩን ሊጠይቅ ሄደ፤ እኔም አብሬው ሄድሁ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ግትር ነው እንጂ። ያኔ ሩዝ ወደ ፎገራ ሜዳ ገና መግባቱ ነበርና በበጋ ውሃ የሚስብለት ሞተር ፍለጋ እንቅልፍ አጥቷል። "ላሜራው ለእህል መጋዘን ነው፣ ጓድ" አለው። ቀጠለና "ደግሞስ አንድ ሰው ለመንሸራሸሪያ ሞተር ይዞ ሕዝብ ውሃ ሲያጣ ደግ ነው? መኪና ናት ካልህ ታርጋ ታውጣ። በመስከረም መጨረሻ የመኪና መርማሪው ከጎንደር ሲመጣ ታርጋ ካልፈቀደላት ሞተሯ ለማኅበሩ ውሃ መሳቢያ ይሆናል" አለ። አካል የሌላት መኪና ታርጋ እንደማይፈቀድላት እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን።

ከጦሩ አብሮት የተመለሰ አንድ ጓደኛው ሐይቁ ዳር የጀልባ ጥገና ይሠራ ነበር። የሆነውን ሲሰማ ሁለት ጀሪካን ሙጫና አንድ ትንሽ ጠርሙስ ማድረቂያ ላከለት። ወንድሜ "ረዚን" ይለዋል፤ እኔ ሙጫ ነው ያልሁት፣ እስከ ዛሬም ሙጫ ነው። ጀልባዎቹን የሚለብጡት ከመስታወት ክር በተሠራ ጨርቅ ነው፤ እሱ ግን አልተገኘም። "ጨርቅ ጨርቅ ነው" አለ ወንድሜ፤ "በአቡጀዲ እንሞክራለን።" ጨርቁ በሙጫ ርሶ የሚለበጥበት ቅርጽ ያስፈልጋል። ወንድሜ ከእንጨት ሊያበጀው ሳምንት ሙሉ ሲጠርብ ከረመ፤ የወጣለት ግን የከብት ገንዳ ነው። ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

"ምን ያስቅሻል?" አለኝ ተቆጥቶ።

"አንተ የምትፈልገው እኮ ጎታ ነው! በጎኑ የተኛ ጎታ። ምነው እኔ እዚህ ተቀምጬ እንጨት ታሠቃያለህ?"

አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ መጥረቢያውን ጣለና "እትዬ፣ በይ እስኪ" አለኝ።

ነሐሴን በሙሉ በጭቃ አሳለፍሁ። የደጁን ጎጆ ባዶ አድርገን፣ እዚያ ውስጥ የመኪናዋን ፊት ለብቻ፣ ኋላዋን ለብቻ፣ ሁለቱን ጎኖቿን ለብቻ፣ በአራት ቅርጽ ዙር በዙር አነሣኋቸው። ውስጣቸውን እንደ ጎታ ባዶ አደረግሁት። ወንድሜ በክራንቹ ተደግፎ "እዚህ ጋ ዝቅ አድርጊው፣ አፍንጫዋ ይሹል" ይላል፤ እኔ "ከዚህ ከቀጠነ ይሰነጠቃል" እላለሁ። እንጣላለን፣ እንታረቃለን፣ ደግሞ እንጣላለን። ጎረቤቶች እየመጡ "ምንድን ነው የምትሠሩት?" ሲሉ "ጎታ ነው" እላቸዋለሁ። "ታዲያ አፉ የት አለ?" ይላሉ። እረ ወዲያ!

ቅርጾቹ ሲያልቁ ወንድሜ "ጨርቁ እንዳይጣበቅበት ላዩን የሚያለሰልስ ነገር ቀቢው" አለኝ። ጎታ የሚያልቀው በምንድን ነው? በትኩስ እበት ነው። እናቴም፣ የእናቴም እናት ጎታቸውን በእበት ለቅልቀው ነው የሚያስረክቡ። እኔም ሳላስብ፣ እጄ በለመደው፣ አራቱንም አሳምሬ ለቀለቅኋቸው። ወንድሜም እዚያው ቤት ያደገ ነውና ምንም ነገር አልከነከነው። በማግሥቱ ላዩ ሲደርቅ አቡጀዲውን ቆርጠን፣ አንዱን ጀሪካን ሙጫ ከማድረቂያው ጋር አዋሕደን፣ ሦስት ሦስት ድርብ አድርገን ለበጥን። ሽታው ራስ ይበጠብጣል። ሲመሽ እጃችንን በላምባ አጥበን፣ ደስ ብሎን ተኛን።

ጠዋት ጎጆውን ከፍቼ ጣቴን በመኪናዋ አፍንጫ ላይ ባሳርፍ ጣቴ እንደ ማር ተሳበ። አልደረቀም። አንድ ቀን ጠበቅን፣ አልደረቀም። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን። ሙጫው አቡጀዲው ላይ ተኝቶ ይለጠጣል እንጂ አይጠነክርም። በአምስተኛው ቀን ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛና "ሞተሩን ውሰዱት በያቸው" አለኝ። ያን ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። እግሩን አጥቶ የመጣ ዕለት እንኳ እንዲህ አላለም።

ጎጆው ገብቼ በንዴት አንዱን ጨርቅ ጎትቼ ገነጠልሁት። ከሥሩ የወጣው እበት እርጥብ ነው! ላዩ ደረቅ መስሎ ውስጡ ውሃ እንደያዘ ነው። እርጥበቱ በሙጫው ላይ እየተነፈሰ አላደርቅ ያለው እሱ ነው። የገዛ እጄ ሥራ! እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። በነሐሴ፣ ሜዳው ባሕር በሆነበት፣ እበት ይደርቃል ብዬ! በስመ አብ፣ የት ሄዶ ነበር ጭንቅላቴ?

ለወንድሜ ሄጄ ነገርሁት። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አልሁት። "ሙጫው ደህና ነው፣ አንተም ደህና ነህ። አንድ ጀሪካን ቀርቷል። ተነሥ!"

"ጨርቁስ?" አለኝ ሳይዞር። እውነቱን ነው፤ አቡጀዲው አልቋል፣ ገበያም ላይ አልነበረም።

አባቴ ይኸን ሁሉ ከመደቡ ላይ ሆነው ሲሰሙ ነበር። ተነሥተው ሣጥናቸውን ከፈቱና የታጠፈ ነጭ አቡጀዲ አወጡ። አወቅሁት። ስሞት ልጆቼ አይቸገሩ ብለው ስንት ዓመት ያስቀመጡት መገነዣቸው ነው።

"አባባ፣ እረ ይተዉ! እንዴት ይሆናል?" አልሁ ደንግጬ።

"ምን ይሆናል? እኔ የዛሬ ሳምንት ልሞት ቀጠሮ አለኝ?" አሉ። "ወንድምሽ ከሞተ ግን ዛሬ ነው። ውሰጂው።"

ወንድሜ ያን ጊዜ ዞረ። ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ።

በዚህ ጊዜ በልማድ አልሠራሁም። እበቱን ፋቅሁት። ቅርጾቹ እንደ ጎታ ውስጣቸው ባዶ ነው ብያችኋለሁ፤ የኩበት ፍም እየጨመርሁ ከውስጥ ሦስት ቀን አሞቅኋቸው። ላባቸው ጠፋ፣ ሲንኳኩ ድምፅ ሰጡ። የተሰነጠቀውን ደፍኜ፣ እንደገና አሙቄ፣ ላያቸውን ሰም አቀለጥሁባቸው፤ በጨርቅ ስወለውለው ፊቴን ሊያሳየኝ ጥቂት ቀረው። አቡጀዲውንም በእሳት ዳር ዘርግቼ አደረቅሁት። ሙጫው ቶሎ እሳት እንደሚይዝ ወንድሜ ስለሚያውቅ ፍሙን በሙሉ ዝቀን አወጣን፤ ሙቀቱ ብቻ ቀረ። ከዚያ ለበጥን። አባቴ እንኳ እጅጌያቸውን ሰብስበው አየሩ ከጨርቁ ሥር እንዲወጣ በመዳፋቸው ይጫኑልን ነበር። ማድረቂያው እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አለቀ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንድሜ በጣቱ አንኳኳ። ቋ፣ ቋ አለ! ደግሞ በክራንቹ መታው። ቋ! "እትዬ!" ብሎ ጮኸ። እኔም እልል አልሁ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ልጅ ተወለደ ብሎ መጣ።

ጨርቁን ለማላቀቅ ቅርጾቹን መስበር ነበረብኝ። አንድ ወር የለፋሁበትን በመዶሻ ከውስጥ ናድሁት፤ ሰሙ ለቀቀልን፣ አካሉ ቅርፊት ሆኖ ብድግ አለ። መላ ፊቷን እኔ ብቻዬን በራሴ ላይ ተሸክሜ ከጎጆው ወጣሁ። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን፣ ጫፍ ጫፉን በስተን፣ በቡሎን ሻንሲው ላይ አሰርነው። ወንድሜ ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር የተረፈ ቀይ ቀለም ለምኖ ቀባት። ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ የሾለ፣ ኋላዋ ክብ። ወይ ማማር! ሚዜ የከበባት ሙሽራ አትስተካከላትም።

በመስከረም መጨረሻ መርማሪው መጣ። ሰፊ ደረት ያለው፣ ካፖርት የለበሰ ሰው ነው። ሊቀመንበሩም ሞተሩን የሚፈቱ ሁለት ሰዎች አስከትሎ አደባባዩ ላይ ቆሟል። የወረታ ሕዝብ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። መርማሪው መኪናዋን ዞራት፣ አንኳኳ፣ ግንባሩን ቋጠረ።

"ላሜራ አይደለም። ምንድን ነው?"

"አቡጀዲ ነው፣ ጓድ" አለ ወንድሜ።

አደባባዩ በሳቅ ተናወጠ። ሊቀመንበሩ ሕዝቡ ከሱ ጋር የሆነ ስለመሰለው ደስ አለው። መርማሪው ግን አልሳቀም። የጫማውን ጭቃ አራግፎ፣ ካፖርቱን ሰብስቦ፣ ያን ሁሉ ክብደቱን ይዞ አፍንጫዋ ላይ ወጣና ቆመ! እኔ ዐይኔን ጨፈንሁ። የመሰንጠቅ ድምፅ ስጠብቅ ሰውየው "ይገርማል" ሲል ሰማሁ። ሁለት ጊዜ ዘለለባት። ምንም አልሆነችም።

"መንገድ ላይማ በሬም ይሄዳል፣ ጓድ" አለ ሊቀመንበሩ። "ወደ ሜዳው ትውረድና እንያት።" የመስከረም መጨረሻ ሜዳ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። መርማሪው ግን አገሩ አይደለምና "ይሁን" ብሎ ከወንድሜ ጎን ገባ። ከመንገዱ ወረዱ፤ መቶ እርምጃ ያህል ሲሮጡ አየናቸውና የኋላ ጎማዎቿ ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ሰመጡ። ሞተሩ ጮኸ፤ ጎማው ዞረ፤ ባሰባት።

ሊቀመንበሩ እጁን አጨበጨበ። "ጥማድ በሬ አምጡ! አውጥተን በዚያው ሞተሩን እንውሰደው!"

ዐይኔ ደም ለበሰ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርሁና ከገበያ የሚመለሱ አራት ሴቶች ስም እየጠራሁ ጭቃው ውስጥ ገባሁ። ሁሉም የኔ ጎታ ቤታቸው ያለ ነው። መርማሪው ወርዶ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተነክሯል። ወንድሜም ሊወርድ ክራንቹን ሲፈልግ "እንዳትወርድ!" አልሁት። "መሪህን ያዝ!" አምስታችንም ጎንበስ ብለን ከሥር ያዝናት። "በሚካኤል!" ብዬ ስጮህ ኋላዋ ብድግ አለ። ወንድሜ ላይዋ እንደተቀመጠ፣ ሞተሯ እየሠራ፣ ከሰመጠችበት አንሥተን ሣሩ ላይ አስቀመጥናት። ወንድሜ ፍሪሲዮኑን በእጁ ሳበ፤ ጭቃ ረጨችብንና ሣሩን ይዛ ወደ መንገዱ ወጣች። እሱ አንዴ ወደ አደባባዩ፣ አንዴ ወደ ጎንደር አቅጣጫ እያዞረ ሲያበርራት ሕዝቡ አበደ! ሽማግሌው ያጨበጭባል፣ ሴቱ እልል ይላል፣ በሬ ሊያመጡ የተላኩት ሰዎች እንኳ ትእዛዙን ረስተው ይዘላሉ።

መርማሪው ከጭቃው ስናወጣው እየሳቀ ነበር። "የኔዋ መኪና እዚህ ብትገባ ሦስት ጥማድ በሬ አያወጣትም" አለ ለሊቀመንበሩ። "አምስት ሴት ያነሣት መኪና በዚህ አገር ምን ጎደላት?" ሊቀመንበሩ ራሱን አከከ። ቆይቶ ወደ እኔ ጠጋ አለና "ውሃ ማሳለፊያ ቦይስ በዚህ ይሠራል?" ብሎ ጠየቀኝ። አይ ሰው!

መርማሪው ቅጹን አፍንጫዋ ላይ ዘርግቶ ይሞላ ጀመር። የአካሉ ዓይነት የሚለው ላይ ትንሽ አሰበና "አቡጀዲ" ብሎ ጻፈ። ታርጋ ተፈቅዷል የሚለው ላይ ማኅተሙን አሳረፈ። ወንድሜ ማኅተሙን ሲያይ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

"የሠሪው ስም?" አለ መርማሪው፣ ብዕሩን ይዞ ወንድሜን እያየ።

"እኔ አይደለሁም" አለ ወንድሜ። "እኅቴ ናት።"

መርማሪው ቀና ብሎ አየኝ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ። ባርኔጣውን አወለቀና "እርስዎ ነዎት?" አለኝ፤ ብዕሩንም በሁለት እጁ ሰጠኝ። እኔ ከወረታ እስከ ሐይቁ ዳር ስንት ቤት ጎታ አቁሜያለሁ፤ እህሉ የባለቤቱ ነው፣ ጎታው የባለቤቱ ነው፣ ማን ሠራው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። በመሠረተ ትምህርት ሁለት ክረምት የተማርሁትን ፊደል አንድ በአንድ እየለቀምሁ፣ ጭቃው ወረቀቱን እንዳይነካው እጄን አርቄ፣ ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፍሁ።

ወንድሜ በሩን ከፍቶ "ግቢ እንጂ፣ እትዬ!" አለኝ። ከነጭቃዬ ገባሁና "ንዳት!" አልሁት።